የሰው እጅ የነካት ጫጩት



በዘዳግም መጽሐፍ ውስጥ ብዙዎቻችን ሳናስተውል የምናልፋት አንዲት ትንሽ ሕግ አለች። ምዕራፍ 22 ቁጥር 6 እና 7 ላይ ትገኛለች። አንድ ሰው በመንገድ ሲሄድ በዛፍ ላይ ወይም በመሬት ላይ የወፍ ጎጆ ቢያገኝ፣ እናቲቱም ጫጩቶቿን ወይም እንቁላሎቿን ታቅፋ ቢሆን፣ እናትን ከነልጆቿ አንድ ላይ እንዳይወስድ ትከለክላለች። እናቲቱን መልቀቅ አለበት። ስለ መሥዋዕትና ስለ መንግሥት፣ ስለ ጦርነትና ስለ ውርስ በሚናገር ትልቅ መጽሐፍ መካከል እግዚአብሔር ስለ አንዲት ወፍ ጎጆ ቆም ብሎ ይናገራል።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ከሕጉ ጋር የተሰጠው ተስፋ ነው። ይህን የሚጠብቅ ሰው መልካም ይሆንለታል፣ ዕድሜውም ይረዝማል። ይህንን ተስፋ ሌላ ቦታ ታውቁታላችሁ። በዚያው መጽሐፍ በምዕራፍ 5 ቁጥር 16 ላይ አባቱንና እናቱን ለሚያከብር ሰው የተሰጠው ተስፋ ይኸው ነው። ከዐሥርቱ ትእዛዛት አንዱ እና የወፍ ጎጆ ሕግ አንድ ዓይነት ተስፋ ይዘዋል! እናትነትን የሠራው አምላክ በሰው ቤትም በወፍ ጎጆም ሥራውን ያከብራል ማለት ነው። ዛሬ ከእናንተ ጋር ላካፍል የምወደው ነገር በእነዚህ በሁለቱ ትእዛዛት መካከል ያለ ነው፤ ስለ ወደቀች አንዲት ጫጩት እና ስለ አንዲት እናት ልጅ።

ጌታችንም ስለ ወፎች ሲናገር ርካሿን መረጠ። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱሳችን በማቴዎስ 10፥29 የሁለት ድንቢጦች ዋጋ አምስት ሳንቲም ነው። በሉቃስ 12፥6 ደግሞ አምስቱ በዐሥር ሳንቲም ይሸጣሉ። ሒሳቡን ሥሩት። በአምስት ሳንቲም ሁለት ከሆነ በዐሥር ሳንቲም አራት ነው፤ አምስተኛዋ ምራቂ ናት። በእኛ ገበያ ድንች የምትሸጥ እናት ሰፍራ ከጨረሰች በኋላ አንዲት ፍሬ ጣል እንደምታደርግልን ማለት ነው። ጌታ ያቺ ዋጋ ያልወጣላት ምራቂ እንኳ በእግዚአብሔር ፊት እንዳልተረሳች ነገረን።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ልብ እንበል። ቃሉ ድንቢጦች ፈጽሞ አይወድቁም ብሎ ተስፋ አልሰጠንም። ይወድቃሉ። ቃሉ የሚለን ውድቀታቸው ከአባታችን ዕውቀትና ፈቃድ ውጭ አለመሆኑን ነው። እንግዲህ አባታችን የምትወድቀውን የሚያያት ከሆነ፣ እኛ ልጆቹ በመንገዳችን ላይ ወድቃ ስናገኛት ምን እናድርግ?

የምንኖረው ደብረ ታቦር ነው። አገራችንን የማታውቁ ካላችሁ፣ ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር አካባቢ ላይ ያለች የደጋ ከተማ ናት። በምሥራቅ በኩል ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የጉና ተራራ አለ። በክረምት ከጉና የሚመጣው ብርድና በረዶ ቀልድ አያውቅም። አንዳንድ ቀን በግማሽ ሰዓት ውስጥ ደጃፉ ሁሉ ነጭ ይሆናል፤ የገብስ ማሳ ተኝቶ ያድራል፤ የቆርቆሮ ጣሪያ ከሚያሰማው ድምፅ የተነሣ በቤት ውስጥ ተጯጩሆ ማውራት እንኳ ይቸግራል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በነሐሴ ወር፣ ቡሄ ሊደርስ ሦስት ቀን ሲቀረው እንዲህ ያለ በረዶ ወረደ። የሰፈሩ ልጆች ጅራፋቸውን ጥለው ወደየቤታቸው ሮጡ። በረዶው ሲያባራ ልጄ ወደ ግቢ ወጣና ጮኾ ጠራኝ። «እማዬ፣ ነይ እዪ!» ከቆርቆሮው ክፈፍ ሥር የነበረው የድንቢጥ ጎጆ ከነሣሩ ወርዶ በጭቃ ላይ ተበትኗል። ሦስት ጫጩቶች ነበሩ። ሁለቱ ሞተዋል። ሦስተኛዋ ከወደቀው ሣር ሥር ሆና ትንቀሳቀስ ነበር። ዓይኗ ገና መከፈቱ ነው። ላባዋ እንደ እሾህ ብቅ ብቅ ብሏል። የአፏ ዳርና ዳር ቢጫ ነው። እንደ በረዶው ራሱ ቀዝቅዛለች።

ጎረቤታችን እማማ በአጥሩ በኩል አይተውን ነበር። ደግ ሴት ናቸው፤ ልጄን ከተወለደ ጀምሮ ያቀፉ ናቸው። «ልጄ፣ ተዪያት» አሉኝ። «የሰው እጅ የነካትን ጫጩት እናቷ አትቀበላትም። ጠረኑን ታውቀዋለች። ብትመልሻትም ትጥላታለች።»

ይህን አባባል እናንተም ሰምታችሁት ይሆናል። በሌሎች አገሮችም ብዙ ሰው ያምነዋል። ባለቤቴ የሥነ ሕይወት መምህር ነው። «እማማ፣ በግ ከሆነች እውነትዎን ነው» አላቸው። የበግ እናት ግልገሏን በወለደች በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ውስጥ በጠረኑ ለይታ ትይዛለች፤ የሌላዋን ግልገል ብታቀርቡላት በግንባሯ ገፍታ ታባርረዋለች። የፋርጣ በግ ያረባ ሰው ሁሉ ይህንን ያውቀዋል። ወፍ ግን እንዲህ አይደለችም። ልጆቿን የምታውቃቸው ባሉበት ቦታና በድምፃቸው ነው። የሰው እጅ ነካቸው ብላ አትጥላቸውም። እንቁላል ታቅፋ ሳለች አብዝቶ የረበሻት እንደሆነ ጎጆዋን ትታ ልትሄድ ትችላለች፤ ስለዚህ ያለ ምክንያት ጎጆ መነካካት መልካም አይደለም። ጫጩቶች ከፈለፈለችና መመገብ ከጀመረች በኋላ ግን ልጇን እንዲሁ አትተውም።

እማማ ራሳቸውን ነቀነቁ። ገብተው ግን አንድ ያረጀ ሙዳይ ይዘው መጡ። «እንግዲያውስ በዚህ አድርጓት» አሉ።

መጀመሪያ ያደረግነው ማሞቅ ነው። ላባ ያላወጣች ጫጩት የራሷን ሙቀት መጠበቅ አትችልም፤ ከረሃብ በፊት ብርድ ይገድላታል። ባለቤቴ በሁለት እጆቹ መካከል ይዟት ተቀመጠ። ልጄ ወተት ሊያመጣላት ሮጠ፤ አባቱ ከለከለው። የወፍ የአየር ቧንቧ ከምላሷ ኋላ ስለሚከፈት፣ በአፏ የሚጨመርላት ወተትም ሆነ ውኃ በቀላሉ ወደ ሳንባዋ ገብቶ ይገድላታል። እንጀራም አይሆናትም። ወላጆቿ የሚሰጧት ትልና ነፍሳት ነው፤ እርሱንም በየጥቂት ደቂቃው እየተመላለሱ ከንጋት እስከ ምሽት ይመግቧታል። ማን ሰው ነው ይህንን የሚችለው? እኛ ልናደርግላት የምንችለው ትልቁ ነገር እናቷ ወደምታገኝበት ቦታ መመለስ ነበር።

ሙዳዩን ከሥሩ በስተን ውኃ እንዳይቋጥር አደረግን። ደረቅ ጓሳ ጎዘጎዝንበት። ጎጆዋ ከነበረበት ከዚያው ክፈፍ ሥር ድመት በማትደርስበት ከፍታ በሽቦ አሰርነው። እንደገና ስትንቀሳቀስና አፏን ስትከፍት ጫጩቷን አስገባናት። ከዚያም የሚከብደውን ነገር አደረግን፤ ወደ ቤት ገብተን በሩን ዘጋን።

ልጄ በመስኮቱ ላይ ተለጥፎ ቀረ። ዐሥር ደቂቃ፣ ሃያ ደቂቃ፣ ግማሽ ሰዓት። ማንም አልመጣም። «እማማ እውነታቸውን ነው» አለኝ፤ እንባው ቀርቦ ነበር። እኔም በልቤ እጸልይ ነበር። ስለ አንዲት ድንቢጥ መጸለይ የማይገባ የሚመስላችሁ ካላችሁ፣ ልጁ አጠገባችሁ ቆሞ እያለቀሰ እንደሆነ አስቡት። አርባ ደቂቃ ያህል ሲሆን እናቲቱ በልብስ መስጫው ገመድ ላይ አረፈች። በአፏ አረንጓዴ ትል ይዛለች። ሄደች፤ ተመለሰች። ሙዳዩ አዲስ ነገር ሆኖባታል። ጫጩቷ ከውስጥ ጮኸች። በዚያን ጊዜ እናቲቱ አላመነታችም፤ ገባች። ስትወጣ አፏ ባዶ ነበር።

እማማ በማግስቱ በአጥሩ ላይ ሆነው አዩ። «እንዲያው የእናት ነገር!» አሉ። ሌላ ምንም አልተናገሩም።

ሰባት ቀን ያህል ወላጆቿ ከዚያ ሙዳይ ተመላለሱ። በስምንተኛው ቀን ልጄ ጫጩቷን በጌሾው ሥር በመሬት ላይ አገኛት። ላባ ለብሳለች፤ ጅራቷ ግን ገና አጭር ነው። ትዘላለች እንጂ አትበርም። «ደግማ ወደቀች!» ብሎ ሊያነሣት ሲል አባቱ እጁን ያዘው። «አሁንስ አልወደቀችም፤ ወጣች እንጂ» አለው። የድንቢጥ ጫጩት ከተፈለፈለች በኋላ በሁለት ሳምንት ገደማ በደንብ መብረር ሳትችል ከጎጆዋ ትወጣለች፤ ወላጆቿ በመሬት ላይም እየተከተሉ ይመግቧታል። በዚህ ጊዜ የምትፈልገው ማንሣት አይደለም፤ የምትፈልገው ድመቷ ቤት እንድትዘጋ ነው። ድመቷን ሁለት ቀን ዘጋናት። በሦስተኛው ቀን ጫጩቷን በአጥሩ ላይ አየናት። ከዚያ በኋላ ከሌሎቹ ድንቢጦች ለይተን አላወቅናትም።

ወገኖቼ፣ ይህ ነገር የልጆች ታሪክ ሆኖ ይቀር ነበር። ነገር ግን ጌታ በዚያው ዓመት በኅዳር ወር ሌላ ሰው ወደ ደጃችን አመጣ።

ከአካባቢያችን ብዙ ወጣቶች ሰሊጥ ለማጨድ ወደ መተማ ይወርዳሉ። ደጋው መሬት ጠባብ ነው፤ ቆላው ደግሞ በአጨዳ ጊዜ የቀን ሠራተኛ ይፈልጋል። ብዙዎቹ ጥቂት ብር ቋጥረው ይመለሳሉ። አንዳንዱን ወባ ይጥለዋል። አንዳንዱ ደግሞ እንደ ሰው ሳይሆን ቀርቶ ማፈር ያስቀረዋል። ይህ ወጣት ለአንድ አጨዳ ብሎ ወርዶ ሦስት ዓመት ቀርቷል። ያገኘውን በአረቄ ጨርሷል። ወደ ደብረ ታቦር ሲመለስ ወደ እናቱ ቤት አልሄደም፤ በመናኸሪያው አካባቢ ያድር ነበር። አንድ ወንድማችን አግኝቶት ወደ ኅብረታችን ይዞት መጣ። የእግዚአብሔርን ቃል ሰማ፣ አለቀሰ፣ ጌታን ተቀበለ። ለጥቂት ሳምንታት በእኛ ቤት በኋላ ክፍል ውስጥ አደረ።

እናቱ በጉና ሥር ባለ መንደር ይኖራሉ። ባል የሌላቸው ናቸው፤ ሌላ ወንድ ልጅም የላቸውም። ባለቤቴ «እናትህን መቼ ነው የምታያቸው?» ብሎ ሲጠይቀው አንገቱን ደፋ። «ጋሼ፣ በዚህ ጠረኔ እናቴ ፊት አልቀርብም» አለ። አረቄውን ከተወ ቆይቷል። ልብሱንም አጥበንለታል። እርሱ የሚናገረው ግን ስለ ልብሱ አልነበረም።

እኔ የእማማን ቃል አስታወስኩ። ይህ ልጅ ስለ ራሱ የሚያምነው ያንኑ ነው፤ የሰው እጅ ነክቶኛል፣ ዓለም ነክታኛለች፣ ስለዚህ የወለደችኝ አትቀበለኝም። ስንቱ ሰው ስለ እግዚአብሔርም እንዲህ ያምናል! ጸሎት ያቆመው፣ ከኅብረት የራቀው፣ መጽሐፍ ቅዱሱን የሸሸገው ሰው ብዙ ጊዜ እግዚአብሔር የለም ብሎ አይደለም። ጠረኔን ያውቀዋል ብሎ ነው።

በሉቃስ 15 ያለውን ልጅ ተመልከቱ። ከእሪያዎች ጋር ውሎ አድሮ ነው የመጣው። በመንገድ ላይ እንደ ታጠበ አልተጻፈም። አባቱ ገና በሩቅ ሳለ አየው፣ ሮጠ፣ አንገቱን አቅፎ ሳመው። አዲሱ ልብስ የመጣው ከመሳሙ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉን አትለውጡት! ብዙዎቻችን መጀመሪያ ልታጠብ፣ መጀመሪያ ልስተካከል፣ ከዚያ እቀርባለሁ እንላለን። አባት ግን የእሪያው ጠረን ሳይለቀው አቀፈው። ልጁን ያወቀው በጠረኑ አይደለም፤ ልጁ ስለ ሆነ ነው።

ነገር ግን በኅብረታችን ውስጥ ሌላ ጥያቄ ተነሣ። ከቅዱሳን አንዳንዶቹ ልጁ ወደ መንደሩ እንዳይመለስ ፈለጉ። ሐሳባቸው የክፋት አልነበረም። «እዚህ ነው ጌታን ያገኘው፤ ገና ሕፃን ነው። እናቱ የሌላ ቤተ እምነት ናቸው። ቢሄድ ይጎትቱታል። የመንደሩ ጠላም አረቄም ይጠብቀዋል። እኛ ጋ ይቆይ» አሉ። እውነት አለው። በእኛ አገር ወንጌላውያን አማኞች ጥቂት ነን፤ አንድ ሰው ሲጨመር ልባችን እንዴት እንደሚሞላ የምታውቁ ታውቃላችሁ። ሲሄድ ደግሞ ከጎናችን አጥንት እንደ ወጣ ይሰማናል።

ከሽማግሌዎቻችን አንዱ ገላትያ 6፥1ን ከፍቶ አነበበልን። እዚያ ላይ ሐዋርያው የተሳሳተውን ሰው በየዋህነት መንፈስ አቅኑት ይለናል። በግሪኩ ያለው ቃል «ካታርቲዞ» ነው። ይኸው ቃል በማቴዎስ 4፥21 ላይ ያዕቆብና ዮሐንስ ከአባታቸው ጋር መረባቸውን ሲያበጁ ገብቷል። ሽማግሌው እንዲህ አለን፦ «መረብ የሚጠገነው ግድግዳ ላይ ሊሰቀል አይደለም። ወደ ባሕሩ ሊመለስ ነው።» ከዚያም ልጁን ራሱን ጠየቀው። ልጁም «እናቴን ማየት እፈልጋለሁ፤ ፈርቼ ነው» አለ።

ነገሩ እንደ ቀላል አይታይ። ብንመልሰው ልናጣው እንችል ነበር። ባንመልሰው ደግሞ አንዲት መበለት ልጇ በሕይወት መኖሩን ሳታውቅ፣ እኛ በመኪና አንድ ሰዓት በማይሞላ መንገድ ላይ ሆነን ልጇን ይዘን ስለ ፍቅር እንዘምር ነበር። እናትን ከነልጆቿ አትውሰድ የሚለው ሕግ በዚያች ሌሊት ስለ ወፍ ብቻ አልመሰለኝም።

በሚኒባስ እስከ ክምር ድንጋይ ሄድን፤ ከዚያ ሁለት ሰዓት ያህል በእግር ወጣን። ገብሱ ቢጫ ሆኗል፤ ድንች የሚቆፍሩ ሰዎች በየማሳው ነበሩ። ልጁ መንደሩ ሲታይ ቆመ። ባለቤቴ ምንም አላለውም፤ አብሮት ቆመ። በኋላ ራሱ መራመድ ጀመረ።

እናቱ ደጃፍ ላይ ገብስ ያነፍሱ ነበር። ቀና ብለው አዩን። እንግዳ ሲመጣ እንደሚደረገው ነጠላቸውን አስተካከሉ። ከዚያ በአረማመዱ አወቁት መሰለኝ ሰፌዱ ከእጃቸው ወደቀ። እርሱ እግራቸው ላይ ሊወድቅ ሲል አንገቱን ይዘው ወደ ላይ ሳቡት፤ ፊታቸውን በአንገቱ ውስጥ ቀብረው ብዙ ቆዩ። «ጠረንህ አልጠፋኝም» አሉት። «ልጄ፣ ጠረንህ እኮ አልጠፋኝም።»

እኔና ባለቤቴ ፊታችንን ወደ ጉና አዙረን ቆምን።

ከዚያ ውኃ አሞቁ። እርሱን በርጩማ ላይ አስቀምጠው እግሩን አጠቡት፤ የእኛንም ካላጠብኩ ብለው ታገሉን። የገብስ እንጀራ በድንች ወጥ አቀረቡልን። የት እንደ ነበረ አንድም ጥያቄ በፊታችን አልጠየቁትም። ስንነሣ በማዳበሪያ ድንች ሞልተው ለመንገዳችን ሰጡን። «ልጄን ያመጣችሁልኝ፣ ምን ልስጣችሁ?» እያሉ እስከ ወንዙ ድረስ ሸኙን። እኛ እጃችን ባዶ ሆኖ የምንመለስ መስሎን ነበር፤ ድንቹን ለመሸከም ተራ ስንይዝ ዋልን።

የቀረውን በእውነት ልንገራችሁ። ልጁ አሁን የእናቱን መሬት ያርሳል። በወር አንድ ጊዜ፣ አንዳንዴም ሁለት ጊዜ ወደ ኅብረታችን ይመጣል፤ በእግርና በመኪና የሚመጣ ስለሆነ ቅዳሜ ማታ እኛ ቤት ያድራል። በመካከል አንድ ጊዜ ወደ አረቄው ተመልሶ ነበር። ይህን የነገረን ማን እንደ ሆነ ታውቃላችሁ? እናቱ ናቸው። በገበያ ቀን ሰው ልከው «ልጃችሁ ታሟል፣ ኑልኝ» አሉን። ልጃችሁ አሉት! እኛ ወደ እርሳቸው ስንመልሰው እርሳቸው ደግሞ ከእኛ ጋር ተካፈሉት። ሄድን፤ አብረን ጸለይን፣ እርሳቸውም በራሳቸው መንገድ ጸለዩ። ተነሣ። ይዘነው ቀርተን ቢሆን ኖሮ በዚያች ቀን የሚጠራን እናት አይኖርም ነበር።

ስለ ወፎች ከጀመርኩ አንድ ነገር ልጨምር። ከአውሮፕላን ላይ ደቡብ ጎንደርን ያየ ሰው በታረሰው መሬት መካከል አረንጓዴ ክብ ክብ ነገር ያያል። እነዚህ በኦርቶዶክስ አብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ የተጠበቁ ደኖች ናቸው። ብዙዎቻችን በ«እመጓ» መጽሐፉ የምናውቀው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ የደን ተመራማሪም ነው፤ ከባልደረቦቹ ጋር በደቡብ ጎንደር በ28 አብያተ ክርስቲያናት ደኖች ላይ ባደረገው ጥናት 168 የእንጨታማ ዕፅዋት ዓይነቶች ተመዝግበዋል። ከማርጋሬት ሎውማን ከምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ ጋርም ከብት ችግኙን እንዳይበላው በአንዳንዶቹ ደኖች ዙሪያ ሕዝቡ የድንጋይ ካብ እንዲሠራ ረድተዋል። ድንጋዩ የተለቀመው ከገበሬዎቹ ማሳ ነው፤ ስለዚህ ማሳውም ጠራ፣ ደኑም ታጠረ።

መዝሙር 84ን ሳነብ እነዚህ ደኖች ትዝ ይሉኛል። ዘማሪው የእግዚአብሔርን አደባባይ ናፍቆ ሳለ፣ ወፍና ዋኖስ በመሠዊያው አጠገብ ቤት ማግኘታቸውን አይቶ ይቀናባቸዋል። በአገራችን ይህ ምሳሌ ብቻ አይደለም፤ በእውነት የምናየው ነገር ነው። ሌላው ዛፍ ሁሉ ለማገዶና ለማሳ ሲቆረጥ ወፎች በእነዚያ ቅጥሮች ውስጥ ጎጆ አገኙ። እኛ ወንጌላውያን አማኞች ለዘመናት ያንን ዛፍ ሳይቆርጡ ያቆዩትን አባቶች ለማመስገን ልባችን ሊጠብብ አይገባም። የእኛስ ጉባኤ? የቆሰለና የወደቀ ሰው ጎጆ የሚሠራበት ቅጥር ነውን? ወይስ ንጹሕ ላባ ያላቸው ብቻ የሚያርፉበት?

እንግዲህ በዚህ የክረምት ወራት ጫጩት ወድቃ ብታገኙ እንዲህ አድርጉ። መጀመሪያ እዩአት። ላባ ለብሳ በእግሯ የምትዘል ከሆነች አታንሷት፤ ድመቱንና ውሻውን አርቁላት፤ ወላጆቿ ቅርብ ናቸው። ላባ ያላወጣች ከሆነች አሙቋት፣ በአፏ ምንም አትጨምሩ፣ ወደ ጎጆዋ መልሷት። ጎጆው ከፈረሰ ውኃ የማይቋጥር ትንሽ ሙዳይ ወይም ቅርጫት በዚያው ቦታ እሰሩላት። ከዚያ ራቁ። እናንተ አጠገቧ ቆማችሁ ሳለ እናቷ አትመጣም።

ሰው ወድቆ ብታገኙም ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም። የወደቀ የመሰላችሁ ሁሉ አልወደቀም፤ አንዳንዱ መብረር እየተማረ ነው፤ እርሱን ከድመት ጠብቁለት እንጂ ወደ ጎጆ አትመልሱት። በእውነት የወደቀውን ደግሞ ከምክራችሁ በፊት አሙቁት። ሊውጠው የማይችለውን ቃል በአፉ አታፍስሱ። ወደ አባቱ፣ ወደ እናቱ፣ ወደ ቤቱ የሚመለስበትን መንገድ አብጁለት፤ በእርግጥ ቤቱ የሚጎዳው ቤት ከሆነ ይህ ሌላ ነገር ነው፣ ወደ ድመት አፍ የሚመልስ የለም። ከዚያም ዞር በሉለት። ከሁሉ የሚከብደው ይህ ነው፤ ነገር ግን እናት የምትገባው እኛ ዞር ያልን ጊዜ ነው።

ይህንን የምታነብ ወንድሜ፣ የምታነቢ እኅቴ፣ ምናልባት ወድቀህ፣ ምናልባት ወድቀሽ ይሆናል። በዚህ ጠረኔ አልቀርብም ብላችሁ በደጅ የምታድሩ ካላችሁ፣ አባታችሁ ጠረናችሁን ሊመረምር በር ላይ አልቆመም። መንገዱን እያየ ነው። ድምፃችሁን አሰሙ፤ ትንሽም ቢሆን ጩኹ። ያቺ እናት የገባችው ጩኸቷን በሰማች ጊዜ ነበር።

እንጸልይ፦ የሰማይ አባት ሆይ፣ ዋጋ ያልወጣላትን አምስተኛዋን ድንቢጥ የማትረሳ አምላክ ስለ ሆንህ እናመሰግንሃለን። የወደቁትን የምናይበት ዓይን፣ የምናሞቅበት እጅ ስጠን። ያነሣነውን የራሳችን አድርገን እንዳንይዝ ልባችንን ጠብቅ። ዛሬ ልጃቸውን በመንገድ የሚጠብቁትን እናቶች አስብ። ወደ ቤት መመለስ የፈሩትን ሁሉ አንተ ራስህ ሮጠህ ተቀበላቸው። በጌታችን በኢየሱስ ክርስቶስ ስም፤ አሜን።

ጌታ ይባርካችሁ።